ሁለተኛው በርሜል ተከሰሰ

ወረቀቱን ያመጣው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። እንደ ወትሮው በሩን ተደግፎ አልቀለደም። ወረቀቱን በሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ሰጋቱራው መሀል አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሰውየውን ያውቃቸዋላ! ከፊታቸው "ጋሼ"፣ ዞር ሲሉ ደግሞ "ጋሽ ነጎድጓድ" የሚባሉት የፋብሪካው በርሜል ሠሪ ቁጣቸው ከመፈንዳቱ በፊት ትንሽ ዝም የማለት ልማድ አላቸው። ያ ዝምታ ሲመጣ አእምሮ ያለው ሰው ከመዶሻቸው ራቅ ብሎ ይቆማል።

ጋሽ ነጎድጓድ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱና አነበቡ።

"የቅምሻ ውጤት። የመጠጡ ስም፦ ሁለት በርሜል፣ ቅልቅል ውስኪ። ከመነሻው ቅልቅል ጋር ሲነጻጸር፣ በሁለተኛው በርሜል የቆየው ናሙና የኮላና የነጭ ጋዝ ሽታ አለው። አምስቱም ቀማሾች በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል። የጥፋቱ ምንጭ፦ ሁለተኛው በርሜል። የውሳኔ ሐሳብ፦ አርባዎቹም በርሜሎች ይወገዱ።"

ከሥሩ ፊርማ አለ። ጅራቱ ወደ ላይ የተቆለመመውን ያን ፊርማ ባለቤቱ በዘጠኝ ዓመቷ የተለማመደችው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በእሳቸው እርሳስ ነው። የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸውና ሚስታቸው ናቸው። ዛሬ የፋብሪካው ዋና ቀማሽ ሆናለች።

ዝም አሉ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሦስተኛ እርምጃ ጨመረ።

"ኮላ?" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። "ኮላ ነው የሚለው?"

"ኮላ ነው የሚለው፣ ጋሼ።"

"በርሜል ውስጥ ኮላ!" ነጎድጓዱ ወረደ። መስኮቱ ላይ የነበረችው እርግብ እንኳ ተነስታ ሄደች። "አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት አጠገቤ ኖረሃል። በርሜል ኮላ አለው? ምስማር አለው? ሳንቃው ከሳንቃው በልክ ተልጎ፣ በእሳት ጎብጦ፣ በብረት ቀለበት ተጠፍሮ አይደለም እንዴ የሚቆመው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! መቼ ነው ይሄ የተጻፈው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ማን ማን ያውቃል?"

የመጋዘኑ ኃላፊ ጣራውን አየ። "እንግዲህ... ሁሉም።"

"በረኛውም?"

"እሱ እንኳ የሰማው ትናንት ነው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ፋብሪካው ሙሉ ሁለት ቀን ሲያንሾካሹክ፣ ሰውየው ጎንበስ ብለው አርባ አንደኛውን በርሜል ሲልጉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ድሮም ቅልቅል ውስኪ ይሠራል። በአሮጌ በርሜሎች ዓመታት የቆዩትን የተለያዩ ውስኪዎች ያዋህድና በጠርሙስ ያሽጋል። ጠጪው ከለመደው ቆይቷል፤ ከለመደው ደግሞ ሰልችቶታል። ስለዚህ ያንኑ ቅልቅል መልሶ በአዲስ የኦክ በርሜል፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ በርሜል፣ ለአሥር ወር ማሳደር ታሰበ። አዲሱ እንጨት የሌለውን ጣፋጭነትና ቅመም ይሰጠዋል ተባለ። ስሙም "ሁለት በርሜል" ሆነ። አርባዎቹን በርሜሎች አንድ በአንድ የሠሩት ጋሽ ነጎድጓድ ናቸው። ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶባቸዋል፤ ከግራ እጃቸውም የአንድ ጣት ጥፍር በልቷል።

"ሥራ አስኪያጁ ምን አለ?" ሲሉ ጠየቁ።

"ጋሼ፣ ይሄን ከእኔ ባይሰሙት..."

"ተናገር!"

"በርሜሎቹ ለሁለት ተቆርጠው የአበባ መትከያ ይሆናሉ። አዲስ በርሜል ከውጭ ይገዛል። ይሄ ቤት ደግሞ..." አለና የእሳት ማንደጃውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መላጊያዎችና ከጣራ የተንጠለጠሉትን ቀለበቶች በዓይኑ ዞረ። "የካርቶን መጋዘን ይሆናል ይባላል።"

ጋሽ ነጎድጓድ የቆዳ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ወጡ።

የቅምሻው ክፍል ከግቢው በስተሰሜን፣ ፀሐይ በማይመታው ጥግ ነው። እዚያ ለመግባት ሽቶ መቀባት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ነጭ ሽንኩርት መብላት ክልክል ነው። ሳሙናው እንኳ ሽታ የሌለው ነው። ላብ፣ ጭስና የብረት ዝገት አብረዋቸው የሚሄዱት ጋሽ ነጎድጓድ በሩን በቡጢ ሲመቱ አንዲት ወጣት ቀማሽ ከፈተች፤ ወዲያው አፍንጫዋን ይዛ ዘጋች። ትንሽ ቆይቶ ዋና ቀማሿ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገች።

"ደህና ዋሉ ጋሼ። እርስዎ ጋ ልመጣ ነበር።"

"እርስዎ? ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ እኔን እርስዎ የምትዪኝ?"

"ሥራ ቦታ ነን።"

"አሃ! ሥራ ቦታ ነን! እንግዲያው በሥራ ቋንቋ ልጠይቅሽ። በርሜሌ ውስጥ ኮላ የጨመርኩት መቼ ነው? ማታ ማታ እየተነሳሁ ነው?"

"ኮላ ጨመሩ አላልኩም። የኮላና የጋዝ ሽታ አለው ነው ያልኩት። አምስት ሰው፣ ለየብቻው፣ ሳይነጋገር ነው የጻፈው።"

"አምስት ሰው ቢሳሳት ስህተቱ አምስት ይሆናል እንጂ እውነት አይሆንም!"

"ከስድስት በርሜል ቀድተን ሞከርን። ስድስቱም ያው ነው።" ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ጣቶቿ ግን የጋዋኗን ቁልፍ ይፈቱና ይቆልፉ ነበር። "ባለፈው ወር እኮ አልነበረበትም። ንጹሕ ነበር። ዘግይቶ የሚወጣ የእንጨት ጥፋት አለ፤ ሳንቃው ሳይደርቅ ከተሠራ..."

"ሳይደርቅ!" የግቢው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ። "ሦስት ክረምት ዝናብ ያጠበውን፣ ሦስት በጋ ፀሐይ የቀቀለውን እንጨት ነው ሳይደርቅ የምትዪው? ዳዴ ስትዪ እኔ ሳንቃ ስገለብጥ ያየሽ ልጅ! ለመሆኑ ይሄን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ፣ የማን በርሜል እንደሆነ አሰብሽ?"

"አሰብኩ።"

"እና?"

"እና ጻፍኩ።"

ከዚህ መልስ በኋላ የወጣውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ሥራ አስኪያጁ ጩኸቱን ሰምቶ ከፎቁ ወረደ። ከሳሙና ፋብሪካ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ሰው ሲቆጣ ማስታወሻ ደብተሩን የሚያወጣ ዓይነት ነው። አወጣ።

"ጻፍ!" አሉት ጋሽ ነጎድጓድ። "ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ እኔ ባለሁበት፣ አንተም ባለህበት፣ ቅምሻው ይደገም። ጥፋቱ የኔ እንጨት ከሆነ አርባውንም በገዛ መጋዜ፣ በገዛ እጄ እቆርጣቸዋለሁ። የሌላ ሰው ከሆነ ግን የአጥፊው ስም በዚያ ወረቀት ላይ በቀይ ይጻፍ፣ በሩም ላይ ይለጠፍ። ማንም ይሁን ማን! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው የእህታቸው ልጅ ላይ ነበር። እሷም አንገቷን አልደፋችም፤ እንዲያው ቁልፏን ቆልፋ ወደ ውስጥ ገባች።

ለምሳ ቤት ሲገቡ ሚስታቸው ከደጃፉ ጀምሮ ሰምታቸዋለች። ሳህኑን አቅርባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እሳቸው ሹካውን አንስተው አስቀመጡት፣ ደግመው አንስተው አስቀመጡት።

"ወርቅ ላበደረ ጠጠር!" አሉ። "ያሳደግኳት እኔ። ሽታ ያስተማርኳት እኔ። ይሄ የቼሪ እንጨት ነው፣ ይሄ ኦክ፣ ይሄ ዋንዛ እያልኩ ዓይኗን በመሐረብ እያሰርኩ። ዋና ቀማሽ ስትሆን ሁለት እሁድ ሙሉ ተቀምጬ ያን የመሰለ የብርጭቆ ቡፌ የሠራሁላት እኔ! ከበርሜሉ ከተረፈው ሳንቃ፣ ውስጡን ከውጪው አስበልጬ ያሳመርኩላት! ይኸው ስጦታዬን ከኋላዋ አድርጋ፣ በእኔ ላይ ፈረደች። ዝምድና ድሮ ቀረ።"

"ጨረስክ?" አለች ሚስታቸው።

"አልጨረስኩም።"

"እንግዲያው እየበላህ ቀጥል። አፍንጫ ዘመድ የለውም እያልክ ያስተማርካትም አንተ ነህ። ከጎረቤት ወጥ ቀምሳ 'ጨው በዝቶበታል' ስትል ሰው ሲያፍር አንተ አልነበርክ እንዴ ትከሻዋን የምትመታ?"

ይበልጥ ተናደው ሳህኑን ገፉት። ምግቡን ትተው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ትልቁን መጋዝ ሲስሉ ዋሉ። ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ ሲፍቁት ድምፁ እስከ ቢሮዎቹ ይሰማ ነበር፤ እንዲሰማ ነው የፈለጉት።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት ተኩል መጋዘን ገቡ። የመጋዘኑ ኃላፊ የአሥራ ሰባተኛውን በርሜል ውታፍ በእንጨት መዶሻ ግራና ቀኝ መታ መታ አድርጎ አወጣው። ጋሽ ነጎድጓድ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። አይጠጡም። ሐኪም ጉበታቸውን አይቶ ከከለከላቸው ሃያ ዓመት አልፏል። በርሜላቸውን የሚያውቁት በማሽተት ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃቸዋል።

ረዥም አድርገው ሳቡ። የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት። ቫኒላ። ከሥሩ ቀረፋ የመሰለ ነገር፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ የለበለቡት እሳት ራሱ።

"የታለ ኮላው?" አሉ ቀና ሳይሉ። "አምጣልኝ እስቲ ኮላውን!"

"እኔ ላይ ምን ያስጮኸዎታል? እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ።" የመጋዘኑ ኃላፊ ረዥሙን መቅጃ አስገብቶ የናሙናውን ጠርሙስ ሞላ። ጥቂት ተረፈ። "ይሄን ምን ላድርገው?"

ጋሽ ነጎድጓድ ሻይ የሚጠጡበትን፣ አፉ የተላላጠ የቆርቆሮ ኩባያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ተቀበሉት። ትልቁን መጋዝ በብብታቸው ይዘው፣ ኩባያውን በመዳፋቸው ከድነው ወደ ቅምሻው ክፍል አመሩ። ታጥበው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። ስለዚህ አስገቧቸው፤ መጋዙን ግን በር ላይ አስቀሩባቸው።

ክፍሉ ነጭ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ጠረጴዛ፣ በየወንበሩ ፊት አንድ አንድ የመትፊያ ጣሳ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ረድፍ ብርጭቆ ተደርድሯል። በግራ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው፤ መነሻው ቅልቅል ተቀድቶባቸዋል። በቀኝ ያሉት አዲስ፣ ሆዳቸው ሰፊ አፋቸው ጠበብ ያሉ፣ ወገባቸው ላይ "ሁለት በርሜል" የሚል የተቀረጸባቸው ናቸው። እነዚህን ያሠራቸው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ አዲሱ መጠጥ ከራሱ ብርጭቆ በቀር በሌላ አይቀመስም ብሎ ያዘዘውም እሱ ነው።

ዋና ቀማሿ ከናሙናው ጠርሙስ በአዲሶቹ ቀዳች። ቀማሾቹ አፋቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው አሸተቱ፣ አሽከረከሩ፣ ደግመው አሸተቱ። አንድ በአንድ ቀና ብለው ተያዩ።

"ያው ነው" አለች ዋና ቀማሿ። "ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ያሽትቱት።"

ብርጭቆውን ነጥቀው አፍንጫቸው ሥር አደረጉት።

ኮላ። ኮላና ጋዝ። ያለ ጥርጥር።

ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡት። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም፤ ያፈሩበት እንጨት አልነበረም። አርባውን በርሜል በዓይነ ኅሊናቸው በሰልፍ አዩአቸው፤ መጋዙም በር ላይ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ገለጠ። ያን ጊዜ፣ ምን ያድርጉት፣ እጃቸው ላይ የቀረውን የቆርቆሮ ኩባያ ሳያስቡት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

ዳቦ። ቫኒላ። ቀረፋ።

ዝም አሉ። የመጋዘኑ ኃላፊ ይህን ዝምታ አውቆ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

"ይሄስ?" ብለው ፈነዱ። "ይሄስ ከየት መጣ? ከአሥራ ሰባተኛው! እሱም ከአሥራ ሰባተኛው! አንድ በርሜል፣ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ መቅጃ! አሽቺው! ነይ አሽቺው!"

የእህታቸው ልጅ ኩባያውን ተቀበለች። አሸተተች። ዓይኗን ጨፍና ደግማ አሸተተች። ከዚያ ከኩባያው ግማሹን በአዲስ ብርጭቆ፣ ግማሹን በአሮጌ ብርጭቆ ገለበጠች። አዲሱን አሸተተችና አራቀችው። አሮጌውን አነሳች። ሁለት ጠብታ ውሃ ጨመረች፣ ጠብቃ ተጎነጨችው፤ በምላሷ ላይ እያዞረች እስከ አሥር ቆጠረችና ተፋች።

"ጻፉ" አለች ለቀማሾቹ፣ ድምጿ ተለውጦ። "ሽታው፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ቫኒላ፣ ትንሽ የተቃጠለ ስኳር። አፍ ውስጥ ሲገባ ማር ይመስላል፤ ወዲያው ቅመሙ ይመጣል፤ ቀረፋና ቅርንፉድ። የመነሻው ቅልቅል አልጠፋም፣ ከሥሩ ይሰማል። ሁለተኛው በርሜል አልጫነውም፤ ደግፎ ነው የያዘው። ከተተፋ በኋላም ጣዕሙ ይቆያል። እንጨቱ... እንጨቱ ንጹሕ ነው። የደረቀ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ክፍል ከቀመስኩት ሁሉ ይበልጣል።"

"አላልኩም!" ጋሽ ነጎድጓድ ጠረጴዛውን መቱ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። "አላልኩም! ሦስት ቀን ሙሉ ስሜን በግቢ አስጎተታችሁ! በረኛ ሳይቀር እያየ ከንፈሩን መጠጠልኝ! አሁን ንገሩኝ፣ ማን ነው? ብርጭቆውን ማን አበላሸው? ስሙን በቀይ ጻፍልኝ፣ አንተ! የት ነው ይሄ ብርጭቆ የሚያድረው?"

የእህታቸው ልጅ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄዳ የቡፌውን በር ከፈተች።

ሽታው እዚያው ካሉበት ደረሳቸው። በጋዝ ቀጥኖ የተቀባ፣ የታፈነ ቫርኒሽ። መደርደሪያው ላይ የቀሩት አዲስ ብርጭቆዎች አቧራ እንዳይገባባቸው በአፋቸው ተደፍተው ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዳቸው ሌሊቱን ሙሉ ያን ሽታ እንደ ኮፍያ ደፍተውት ያድራሉ። አሮጌዎቹ ብርጭቆዎች ግን ከጥንት ጀምሮ የሚያድሩት ከመታጠቢያው በላይ ባለው የሽቦ ማንጠልጠያ፣ በነፋስ ላይ ነው።

ጋሽ ነጎድጓድ ቡፌውን አዩት። የናስ መያዣዎቹን አዩ፤ ራሳቸው ናቸው በአሸዋ ወረቀት ያለሰለሷቸው። የበሩን ማጠፊያ አዩ። ከውስጥ መስታወት የመሰለውን ቅብ አዩ። አናጢ የሆነ ሰው ውጪውን ቀብቶ ውስጡን ይተወዋል፤ ማን ያየዋል ብሎ። ጋሽ ነጎድጓድ ግን አናጢ አይደሉም። በርሜል ሠሪ ናቸው። በእሳቸው ሙያ ውጪው ቢሻክርም ቢቆሽሽም ግድ የለም፤ ዕቃ የሚፈረድበት በውስጡ ነው። ስለዚህ የቡፌውን ውጪ አንድ ጊዜ፣ ውስጡን አራት ጊዜ ቀብተውታል። ማጋጠሚያውንም፣ በርሜል ስላልሆነ፣ በኮላ ነው ያያያዙት።

"ይሄን ቡፌ ማን ነው እዚህ ያስገባው?" አለ ሥራ አስኪያጁ። ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቷል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጣራውን ያይ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች ዋና ቀማሿ። "ሦስት ሳምንቱ ነው። ማንኛውም አዲስ ዕቃ ወደዚህ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ወር ውጪ ይናፈሳል፣ በሦስት ሰው ይሸተታል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ቡፌ ግን ደንቡን አልጠበቅኩም። በመጣበት ቀን ነው ያስገባሁት። አላሸተትኩትም።"

"ለምን?"

የቡፌውን በር መልሳ ዘጋች። ዓይኗን ወደ ማንም አላዞረችም፤ በተለይ ወደ አንድ ሰው።

እሳቸው ግን ለምን እንደሆነ ያውቁታል። ትናንት ግቢ ሙሉ ሰው ፊት የማን በርሜል እንደሆነ አሰብሽ ወይ ብለው ጮኸውባታል። ዘመድ ረሳች ብለው ምግብ ትተዋል። ልጅቷ ግን በሕይወቷ አንዲት ቀን ብቻ አፍንጫዋን ለዘመድ ብላ ይዛለች፤ እሱንም ለእሳቸው። ዋጋውም ይኸው፤ ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ "የአጥፊው ስም" ከሚለው ፊት ለፊት መጻፍ ጀምሯል። ስሟ በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ በዚህ ሙያ አፍንጫዋን ማን ያምናል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ማን ነበር ያለው?

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። በርሜሎቹ ነጽተዋል። ቤታቸው አይነካም። ሥራ አስኪያጁ ቡፌውን ማን እንደሠራው አያውቅም።

"አቁም!" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ደነገጠና እስክሪብቶው አመለጠው።

"ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ሽታው የቡፌው ነው፤ ቡፌው ደግሞ አስገቢ ብቻ ነው ያለው? ሠሪ የለውም? ከሰማይ ወረደ? ለምን አትጠይቅም?" ፊታቸው ቀልቷል፤ ማንን እንደሚቆጡ ራሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። "እኔ ነኝ የሠራሁት! አራት ጊዜ ቀባሁት! አራተኛው ቅብ ሳይደርቅ ተሸክሜ አመጣሁት፣ ለአድናቆት ቸኩዬ! አርባ ዓመት ሙሉ እንጨት ይድረቅ እያልኩ ሰው ስሰድብ የኖርኩ ሰውዬ! ጻፍ! በቀይ ጻፍ! አምጣ፣ ፊደሉ ካቃተህ እኔ ልጻፈው!"

እስክሪብቶውን አንስተው ወረቀቱን ሳቡ። የእህታቸው ልጅ እጇን እጃቸው ላይ ጫነች።

"ሁለታችንንም እንጻፍ" አለች።

"ያንቺን አልጽፍም!"

"እንግዲያው እኔ እጽፈዋለሁ።"

ጻፈችው። ሁለት ስም በቀይ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፤ የእሷ ጅራቱ ወደ ላይ ተቆልምሞ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ ይህ ዓይነት ነገር ሳሙና ፋብሪካ ገጥሞት ስለማያውቅ፣ ደብተሩን ዘጋ። በር ላይ የለጠፉት ራሳቸው ጋሽ ነጎድጓድ ናቸው።

ከዚያ ቡፌውን ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር ተሸክመው ግቢ አወጡትና በሁለት የእንጨት እግር ላይ አጋደሙት። መጋዙን አነሱ። ከየክፍሉ ሰው ወጣ፤ በረኛውም በሩን ትቶ መጣ።

"ጋሼ፣ መቁረጡ ምን ያደርጋል?" አለ የመጋዘኑ ኃላፊ። "ወር ቢናፈስ ይለቀዋል እኮ።"

"ጥፋተኛውን እንጨት በገዛ መጋዜ እቆርጣለሁ ብያለሁ። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ዞር በልልኝ!"

መቁረጥ ጀመሩ። አልቆረጥ አለ። ማጋጠሚያው ጥብቅ ነው፤ ሳንቃው ሦስት ክረምት የበሰለ ነው። ላባቸው ወረደ፣ ቡፌው ከእንጨት እግሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ተሳደቡ። "ማን ነው ይሄን ያህል አጥብቆ የሠራው?" አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ከሩቅ ሆኖ፤ ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሰዉን አቋርጣ መጣችና ጫፉን በሁለት እጇ ያዘች፤ ልክ በዘጠኝ ዓመቷ ሳንቃ ትይዝላቸው እንደነበረው።

"ልብስሽ ይቆሽሻል" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ይቆሽሽ። አንተ ቁረጥ።"

አንተ ማለቷን ሰሙ። መጋዙ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄደ። የመጀመሪያው ሳንቃ ተሰንጥቆ ወደቀ። ከቅቡ ሥር እንጨቱ ነጭ ሆኖ ታየ። ጎንበስ ብለው አነሱት፣ ሰጋቱራውን እፍ አሉበትና ሰጧት።

"አሽቺው። በደንብ። ዘመድ ነው ብለሽ እንዳታልፊኝ።"

አፍንጫዋን አስጠጋች። ሰዉ ሁሉ ጠበቀ። ረዥም አድርጋ ሳበች፣ አራቀችው፣ ደግማ አስጠጋችው።

"አሁንም ይሸታል" አለች።

"እንግዲያው ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ያዢው እንጂ!" አሉና መጋዙን እንደገና አነሱ።